ለሊቀመንበሩ ያሰናዳነው ጉዞ

ሊቀመንበሩ የጫሞ ሐይቅን ማዶ አሳዩኝ ብሎ በገዛ አፉ ሲጠይቅ እኔ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ቆሜ ዓሣ እጠብስ ነበር። ዘይቱ ስለሚንጫጫ በትክክል መስማቴን ተጠራጠርኩ። መጥበሻውን ከእሳቱ አወረድኩና ጆሮዬን ሰጠሁ። የሚያናግረው አጎቴን ነበር። የበላው ነጭ ዓሣ ከየት እንደመጣ ጠይቆት፣ አጎቴም ከሐይቁ ማዶ፣ ከአማሮ ተራሮች ሥር፣ ሰው መረብ ከማይጥልበት ዳርቻ እንደሆነ ነግሮታል። ሰውየው አጥንቱን እየጋጠ፣ እዚያ ሄዶ ድንኳን ተክሎ ማደር፣ በገዛ እጁ ዓሣ አውጥቶ መመለስ እንደሚፈልግ ተናገረ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አለቃው ላንጋኖ ወርጄ ዓሣ አጠመድኩ እያለ ሲያወራ ሰምቶ ቀንቶ ነበር።

አጎቴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ነገሩ እዚያው ተጀመረ።

ስለዚህ ሰው ልናገር። በዚያን ዘመን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ዓሣ ቤት ነበረችን። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ ቤቱን የያዙት እናቴና ታናሽ ወንድሟ፣ ማለትም አጎቴ ነበሩ። እናቴ የዓሣውን ሆድ ትከፍታለች፣ ታጥባለች፤ እኔ እጠብሳለሁ፤ ታላቅ ወንድሜና አጎቴ በአጎቴ ጀልባ ያሰግራሉ። ወንድሜ ረጅም ነበር፤ ጀልባ ውስጥ ሲቀመጥ ጉልበቶቹ አገጩ ሥር ይደርሱና ሁላችንንም ያስቁን ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይሰበሰብ በነበረበት ጊዜ እያንዳንዱ ቀበሌ ኮታ ተሰጠው። ይህ ሊቀመንበር የእኛ ቀበሌ ሰው አይደለም፤ የሌላ ቀበሌ ነው። የዘመዶቹንና የወዳጆቹን ልጆች ሲደብቅ ኮታው ጎደለበት። የጎደለውን ለመሙላት በገበያ ቀን ታጣቂዎቹን አስከትሎ ሲቀላ ገበያ ገባ።

እኔ እዚያ ነበርኩ። ሽንኩርት እየገዛሁ ነበር። ወንድሜ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሮሶ ዓሣ በደንገል ገመድ አንጠልጥሎ ቆሟል። ሊቀመንበሩ ሙዝ ይልጥ ነበር። የተላጠውን ሙዝ እንደያዘ እጁን ዘርግቶ፣ «ያንን ረጅሙን» አለ። ወንድሜ ሰውየው ዓሣውን ሊገዛ የፈለገ መስሎት ፈገግ ብሎ ደንገሉን ከፍ አድርጎ አሳየው። ከዚያ ሁለት ታጣቂዎች ክንዱን ያዙት። ወደ መኪናው ሲወስዱት ዓሣው መሬት ላይ ወደቀ። እኔ እየጮህኩ ተከትዬ ሮጥኩ፤ መኪናው እስኪሄድም ከኋላው ነበርኩ። ስመለስ ዓሣውን ሰው ረግጦታል።

ከዚያ በኋላ የሰማነው አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ጨንቻ ከተመለሰ ወታደር ነው። ከወንድሜ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ እንደነበሩ፣ ወንድሜ ሰሜን ውስጥ እንደሞተና መቅበር እንኳ እንዳልቻሉ ነገረን። እናቴ አመሰገነችው፤ ምግብ አቀረበችለት። እስኪወጣ ድረስ አላለቀሰችም።

ሊቀመንበሩ ደንበኛችን የሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንድ ቀን ዝም ብሎ ገብቶ ተቀመጠና ዓሣ አዘዘ። እናቴ ቢላዋውን ጥላ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትያት ስገባ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። በጋሞኛ፣ «አያውቀንም» አለችኝ። እኔ ግን አውቆ የሚያሾፍብን መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ተመለሰ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። በደንብ ሳየው እውነቷን ነው፤ አያውቀንም። ፊቴ ምንም አያስታውሰውም። ዳጣው ይጣፍጣል፣ እጅሽ ይባረክ እያለ ያመሰግነኝ ነበር። ይህን በሰማሁ ቁጥር ዳጣውን ፊቱ ላይ መድፋት ያምረኝ ነበር።

ቤተሰባችን ጴንጤ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ ስለነበር ሰዎች በየቤቱ እየተሰበሰቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። እናቴ ከእነሱ መሀል ትቀመጣለች፣ አትጸልይም። አንዲት እህት ስለ ይቅርታ ስትናገር ተነስታ ወጣች። ቤት ስትገባ፣ ይቅር በይ ያለኝን ሁሉ ልጅህን ስጥና ከዚያ እናወራለን እለዋለሁ አለችኝ።

ስለዚህ ሊቀመንበሩ በራሱ አፍ ማዶ ውሰዱኝ ሲል እኛ ሌላ ሰው ሆነን ነበር ማለት ነው።

እቅዱን ያወጣነው ከሰዓት በኋላ ጀልባው ከሚቆምበት ዳርቻ ተቀምጠን መረብ ስንጠግን ነው። አጎቴ መጀመሪያ ያሰበው አጭር ነገር ነበር። ጉማሬ የሚበዛበትን ቦታ አውቃለሁ፣ ጀልባው ትንሽ ቢያዘነብል ዋና የማያውቅ ሰው ወዲያው ያልቅለታል አለ። ከፈለግሽ አይመለስም አለኝ። እኔ እምቢ አልኩ። አዝኜለት አልነበረም። ውሃ ውስጥ የሚሞት ሰው ለምን እንደሚሞት ለማሰብ ጊዜ የለውም፤ ለእሱ እንዲህ ያለ ፈጣን ሞት ይበዛበታል ብዬ ነው። በሕይወት ኖሮ እንዲያውቅ ፈለግሁ። እናቴን ጠየቅናት። ቢላዋ እየሳለች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ልጄ ብቻውን ነው የሞተው» አለች። «እሱንም ብቻውን ተዉት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አዞው ያውቃል።»

በዚህ ተስማማን። እዚያ ማዶ አውርደነው፣ ድንኳኑን ተክለንለት፣ መረብ ልንጥል ነው ብለን ጥለነው እንሄዳለን። ከቀትር በኋላ በጫሞ ላይ የሚነሳውን ነፋስ አርባ ምንጭ ውስጥ የማያውቅ የለም። ነፋሱ ገፋን፣ ጀልባው ውሃ ሞላው፣ መመለስ አቃተን ብንል ማን ውሸት ነው ይላል? አጎቴ አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። ትተነው ስንሄድ አንድም ቃል እንዳንናገር። ነፋሱ እንዳደረገው ሆኖ ይቅር፣ አንቺ አፍሽን ከከፈትሽ ግን ሁለታችንም እስር ቤት ነን አለኝ። እሺ አልኩት።

ቦታውን ለመምረጥ እኔና አጎቴ ቀድመን ሄድን። ዓሣ ልናሰግር የወጣን መስለን በንጋት ተነስተን ቀዘፍን። ዳርቻውን ተከትለን ስንፈልግ አጎቴ የሚያሳየኝን ሁሉ እምቢ አልኩት። አንዱ ጥላው በዛብኝ። ሌላው ጋ የከብት ኮቴ አየሁ፣ እረኛ ይመጣል ማለት ነው። በመጨረሻ በሁለት ቋጥኞች መሀል የምትገኝ ትንሽ አሸዋማ ቦታ አገኘን። ከኋላዋ ገደል ነው፤ በሰሜን በኩል በእሾህ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ተሄዶ የነጭ ሣር ፓርክ ሜዳ ይገኛል። አሸዋው ላይ አዞ ሆዱን እየጎተተ ያለፈበት ሰፊ መስመር ነበር። ከጀልባው ወርጄ፣ እሱ ይቀመጥበታል ብዬ ካሰብኩት ግራር ሥር ተቀመጥኩ። አጎቴን ትንሽ ራቅ በል አልኩት። ጀልባው ሲርቅ ከዚያ ምን እንደሚታይ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ጀልባው እያነሰ ሄደ፤ ከዚያ ውሃና ሰማይ ብቻ ቀረ። ደስ አለኝ። አጎቴ ተመልሶ ሲወስደኝ ለምን እንደምስቅ ጠየቀኝ።

ቀሪውን ዝግጅት ሊቀመንበሩ ራሱ ሠራልን። ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ ኩፖኑን እሱ አመጣ። ሞተሩን ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ያዋሰን በእሱ ቃል ነው። ድንኳኑ የቀበሌው ነው። የይለፍ ወረቀቱ ላይ የፈረመው እሱ ነው። እኔ ምግብ አብሳይ ሆኜ እንድሄድ አጎቴ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ እንዲያውም እሷ ከሌለች አልሄድም ብሎ ሳቀ። አንድ ያስጨነቀን ነገር ጠመንጃው ነበር። ያለ ጠመንጃ የትም አይሄድም። የመንግሥት ንብረት ነው፤ ቁጥር አለው፤ የጠፋበት ሰው ደግሞ ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። አጎቴ አሸዋ ለጠመንጃ እንደማይሆን፣ በሸራ ተጠቅልሎ ጀልባው ውስጥ ቢቀመጥ እንደሚሻል ቀስ እያለ ነገረው። አመነው።

እኔ ደግሞ ስንቁን አሰናዳሁ። የበቆሎ ሊጡን ለኩርኩፋ ጠፍጥፌ በጎመን ቀቀልኩ፣ ዳጣ ፈጨሁ፣ የደረቀ ዓሣ ጨው አብዝቼ ቋጠርኩ። የሚጣፍጠውን ሁሉ ለመጀመሪያው ምሳ አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ለእሱ የሚተርፈው ጨዋማው ዓሣ ብቻ እንዲሆን አስቤ ነው። ክብሪቱን እኔ ያዝኩ።

የሄድንበት ዕለት ጫሞ ጠዋት እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ውሃ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ጀልባው ከዳር ሲለቅ ሁለቱንም ጎኖች በሁለት እጁ ጨብጦ ጣቶቹ ነጡ። ማንም ያላየው መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አይቼዋለሁ። መሀል ስንደርስ ግን ለመደውና አጎቴን ይጠይቀው ጀመር። ያ ምንድን ነው፣ ይህ ወፍ ምን ይባላል፣ ጉማሬ ከጀልባ ይፈጥናል ወይ? አጎቴ፣ ጓድ፣ አይጨነቁ እያለ ሁሉንም መለሰለት።

ከዳርቻው ሳንደርስ መንጠቆ ሰጠነው። እውነቱን ልናገር፤ ትልቅ ነጭ ዓሣ ያዘለት። ገመዱ እጁን እየቆረጠው፣ አጎቴ ከኋላ ወገቡን ይዞት፣ ተጎትቶ ሊወድቅ ምንም ሳይቀረው ዓሣውን ወደ ጀልባው አወጣው። ዓሣው ሲንፈራገጥ ሰውየው እንደ ሕፃን ሳቀ። ፊቱ ሁሉ ረጥቦ ነበር። ወደዚህ አገር ከተዛወርኩ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም አለን። ይህን ሲል ትንሽ እንኳ ልቤ አልራራም። እንዲያውም ደስታው አንገበገበኝ። ወንድሜ ያን ዓሣ ቢያወጣ ኖሮ እንዲሁ ነበር የሚስቀው።

ድንኳኑን ተከልን። ምሳ በላ። እኔ የሠራሁትን ኩርኩፋ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ፣ ይዞት ከመጣው አረቄም ቀመሰ፣ ጫማውንና ሸሚዙን አውልቆ ግራሩ ሥር ተጋደመ። አጎቴ ወደ ተራራው አየና በጋሞኛ፣ «ነፋሱ ሊነሳ ነው፤ እንሂድ» አለኝ። ሊቀመንበሩ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። ዓሣው ትልቅ ነው አለ አልኩት።

አጎቴ፣ መረብ ጥለን እስክንመለስ አረፍ ይበሉ አለው። ሰውየው በእጁ ሂዱ ብሎ አመለከተን። ጀልባውን ገፍተን ገባን። ጠመንጃው ከእግሬ ሥር በሸራ እንደተጠቀለለ ነው። ድንጋይ ቢወረወር ከማይደርስበት ያህል ከመራቃችን በፊት አጎቴ ሞተሩን ሊያስነሳ ገመዱን ያዘ። እኔ እጁን ያዝኩት።

«ተይ» አለኝ።

አልተውኩም። ተነስቼ ቆምኩ። ሰውየውን እስከዚያ ቀን አንቱ እለው ነበር።

«ወንድሜን ታስታውሰዋለህ?» አልኩት።

ቀና ብሎ ተቀመጠ። አልሰማኝም መሰለኝ፤ ተነስቶ ወደ ውሃው መጣ፣ እጁን ከጆሮው አስጠግቶ።

«ከሲቀላ ገበያ ያስወሰድከው ልጅ» አልኩ። «ዓሣ ይዞ ሲሸጥ የነበረው። ሞቷል። እኔ እህቱ ነኝ።»

ያዘጋጀሁለት ብዙ ነገር ነበር። እሱ ሲክድ የምለው፣ ሲለምን የምለው፣ ሲቆጣ የምለው፣ ሁሉንም መረብ ስጠግን በልቤ ደጋግሜዋለሁ። ሰውየው ውሃው ቁርጭምጭሚቱን እስኪነካው ገባና ቆመ። አልተቆጣም፣ አልለመነም። ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። እውነት እያሰበ ነበር፤ ፊቱ ላይ አየዋለሁ።

«የትኛው?» አለ።

የአጎቴን እጅ ለቀቅሁት። አጎቴ ሞተሩን አስነሳ። ሰውየው ነገሩ የገባው ያኔ ነው፤ ሲጮህ አየሁት፤ በሞተሩ ድምፅ ግን ምን እንዳለ አልሰማሁም። ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባና አዞው ትዝ ብሎት መሰለኝ ወደ አሸዋው ሮጦ ወጣ። እኔ ፊቴን ወደ እሱ እንዳደረግሁ ተቀመጥኩ። እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። የጠበቅሁት ደስታ አልመጣም። ንዴቴ ግን ከቀድሞው በለጠ። ስንቱን ቢወስድ ነው የሚጠፋበት?

መሀል ላይ አጎቴ ጠመንጃውን አንስቶ ትንሽ አመነታ። ተቀበልኩትና እኔው ውሃ ውስጥ ጣልኩት።

ነፋሱ እንደጠበቅነው ተነሳ። ሐይቁ ውስጥ ያለች አንዲት ደሴት ተከልለን፣ ጀልባውን ደንገል ውስጥ አስረን አደርን። ተኛሽ ወይ ቢሉኝ፣ አዎ፣ ሸራ ለብሼ እንቅልፌን ተኛሁ። ሲነጋ ልብሳችንን አርጥበን፣ ጀልባውን በውሃ ሞልተን ቀድተን፣ የሰጠመብን መስለን ከተማ ገባን። ቀበሌው ሄደን ነፋሱ ገፋን፣ ሊቀመንበሩ ማዶ ቀረ፣ ጠመንጃው ሰጠመ ብለን ተናገርን። ፈላጊ ጀልባ ተላከ፤ ሰዎቹ ድንኳኑን አገኙ፣ እሱን ግን አላገኙም። አጎቴ ያን ቀን ምግብ አልበላም። እናቴ በላች።

ሊቀመንበሩ ከዚያ በኋላ በፓርኩ ጠባቂዎች መኪና መጣ። በእሾህ ውስጥ ሲሄድ ውሎ ነጭ ሣር ሜዳ ላይ ከብት ጠባቂዎች አግኝተውት፣ ወተት አጠጥተው፣ የራሳቸውን ጨርቅ አልብሰው ለጠባቂዎቹ አስረከቡት። እግሩ በእሾህ ተቆራርጦ አብጦ ጫማ አይገባለትም ነበር። እኛ ቤታችን ተቀምጠን ታጣቂ እንጠብቃለን። አጎቴ አልተቆጣኝም፤ ነገር ግን አንድ ኮት ደርቦ፣ ለእስር ቤት ብርድ ተዘጋጅቶ፣ በሩን እያየ ተቀመጠ።

ማንም አልመጣም። ሲጠየቅ ሊቀመንበሩ ነፋሱ ነው አለ። ልክ እኛ እንዳልነው። በመጀመሪያ አልገባንም። ቆይተን ስናስበው ግን እውነቱን ቢናገር ኖሮ እኔ ለምን እንዳደረግሁት ይጠየቅ ነበር፤ የእሱ ቀበሌ ኮታ ለምን ከሲቀላ ገበያ እንደተሞላ፣ የእነማን ልጆች እንደቀሩ ይጠየቅ ነበር። ስለዚህ የእኛን ውሸት ተበድሮ ተናገረ። ለጠመንጃው ግን ነፋሱ አልበቃውም። በመንግሥት መሣሪያ ሽርሽር ሄዶ አጠፋ ተብሎ ታሰረ፣ ከሊቀመንበርነቱም ወረደ። መውረዱን የሰማሁ ዕለት ለደንበኞቼ ሁሉ ዓሣ ጨምሬ ሰጠሁ። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

ከእስር ሲወጣ አንድ ረፋድ ላይ ዓሣ ቤት መጣ። ብቻውን ነው። ከስቷል፤ የዩኒፎርሙ ሱሪ ወገቡ ላይ በገመድ ታስሯል። ቀድሞ የሚቀመጥበት ቦታ ሄዶ አልተቀመጠም፣ እደጃፉ ቆመ። እኔ እጄ ዱቄት ነክቶት ነበር። ለምን እንደመጣ ስላላወቅሁ አልፈራሁም ልል አልችልም።

«ስሙ ማን ነበር?» አለኝ።

«ዓሣ አልቋል» አልኩት። ሳፋው ሙሉ ዓሣ አጠገቤ ነበር፤ እሱም አየው።

«የመጣሁት ለዓሣ አይደለም። እዚያም ሆኜ፣ እስር ቤትም ሆኜ ላስታውሰው ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

«አልነግርህም» አልኩት።

ዞሮ እግሩን እየጎተተ በመናኸሪያው በኩል ሄደ።

እናቴ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር። ወጥታ ለምን አልነገርሽውም ብላ ተቆጣችኝ። ስሙን ቢያውቀው ኖሮ እስኪሞት ድረስ ሲጠራው ይኖር ነበር፤ አንቺ አሳረፍሽው አለች። እኔ ደግሞ የወንድሜ ስም እሱ አፍ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም አልኳት። በዚህ ለብዙ ጊዜ ተጣላን። እሷ እስክትሞት ድረስ የተሳሳትሁ እኔ እንደሆንኩ ታምን ነበር፤ አንዳንዴ ዓሣ ስትከፍት ቆም ብላ፣ ልትነግሪው ይገባ ነበር ትለኝ ነበር።

ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ወደ መጣበት አገር ተመለሰ። መንግሥት ሲለወጥ የት እንደደረሰ አልሰማሁም፣ አልጠየቅሁምም። በሕይወት ካለ የወንድሜን ስም ዛሬም አያውቀውም።